ጉሮሮ ሲዘጋ፦ ከማኪናክ ደሴት እስከ ክሊቭላንድ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ የንጉሥ አይደለም፣ የጦር ሜዳም አይደለም፤ የሆድ ነው። ጉሮሮው ተዘግቶ እህል ውኃ አልወርድ ላለው ሰው ሐኪሞች በሆዱ በኩል መንገድ እስኪያገኙለት ምን ያህል ዘመን እንደፈጀ፣ ስንት ሕይወት እንዳለፈበት፣ መንገዱ ከተገኘ በኋላም ለማን እንደሚበጅ ለማወቅ ምን ያህል እንደተደከመ እነግራችኋለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጁን 6 ቀን 1822 ነው። ቦታው በሰሜን አሜሪካ፣ በሂዩሮን ሐይቅ ላይ የምትገኝ ማኪናክ የተባለች ደሴት ናት። የአሜሪካን ፈር ካምፓኒ የተባለ የአውሬ ቆዳ ነጋዴ ድርጅት እዚያ መደብር ነበረው። ከየጫካው ቆዳ ጭነው በታንኳ የሚመጡ ሰዎች በመደብሩ ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ወጣት አለ። ድንገት የአንዱ ጠመንጃ ባረቀ። ለዳክዬ ማደኛ የተሞላው እርሳስ አንድ ሜትር ከማይሞላ ርቀት የወጣቱን ግራ ጎን ከጡቱ ሥር በረቀሰው።

የጦር ሰፈሩ ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ተጠርቶ ደረሰ። የጎድን አጥንት ተሰባብሯል፤ የሳንባው ጠርዝ በቁስሉ በኩል ወጥቷል፤ ጨጓራው ተበስቶ ጧት የበላው ቁርስ ይፈስሳል። ቦሞንት ወጣቱ ይተርፋል ብሎ አላሰበም። ቢሆንም ቁስሉን አጠበ፣ አሠረ፣ ከአጠገቡ አልራቀም። ለ17 ቀን ያህል ሴንት ማርቲን በአፉ የቀመሰው ሁሉ በጎኑ ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ነፍሱን ያቆዩት በፊንጢጣው በኩል በሚሰጡት ፈሳሽ ምግብ ነው። እያደር ቁስሉ ጠገገ። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም።

ልብ በሉ፤ የዚህ ትረካ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሴንት ማርቲን ጨጓራ ከጎኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ዳነ። በመጣበቁም ከጨጓራው የሚወጣው ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ሆድ ዕቃው ውስጥ አይፈስም። የጨጓራ ፈሳሽ በሆድ ዕቃ ውስጥ ከፈሰሰ ሆድ ይመረቅዛል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሆዱ የመረቀዘ ሰው አይተርፍም ነበር። ከዚህ በኋላ የማወራላችሁ ቀዶ ሐኪም ሁሉ የታገለው ይህን በአጋጣሚ የተገኘ መጣበቅ ሆን ብሎ ለማምጣት ነው።

ከ1825 ጀምሮ ቦሞንት በቀዳዳው በኩል መመራመር ያዘ። የሥጋ ቁራጭ፣ የደረቀ ዳቦ፣ ጎመን በሐር ክር እያሰረ ወደ ጨጓራው ያወርዳል፤ በየሰዓቱ ክሩን ስቦ የቱ እንደተፈጨ፣ የቱ እንደቀረ ይመዘግባል። የጨጓራውን ፈሳሽ በብልቃጥ ቀድቶ፣ ሥጋ ጨምሮ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ ሲያቆየው ሥጋው ከሆድ ውጭም ሟሟ። ምግብ የሚፈጨው በጨጓራ መጨፍለቅ ብቻ ሳይሆን በፈሳሹ ኃይል መሆኑ በዓይን ታየ። ሴንት ማርቲን ሲቆጣ የጨጓራው ሥራ እንደሚታወክም ቦሞንት አስተዋለ። በ1833 ያሳተመው መጽሐፍ 238 ሙከራዎችን ይዟል፤ የምግብ መፈጨት ሳይንስም ከዚያ ወዲህ በዚያ መጽሐፍ ላይ ቆመ።

ባለ ሆዱስ? ሴንት ማርቲን ድሃ ነበር። በሐኪሙ ቤት ያገለግል፣ እንጨት ይፈልጥ፣ ሲታዘዝ ይጾም፣ ሲታዘዝ ተጋድሞ ሆዱን ያስመረምር ነበር። በ1832 ለአንድ ዓመት ምርምር 150 ዶላር እንዲከፈለው ውል ተፈረመ። አንዳንዴ ሕመሙ ሲበዛበት፣ አንዳንዴ ናፍቆቱ ሲጸናበት ወደ አገሩ ይሄዳል። አግብቶ ወለደ፤ ያ ቀዳዳ ሳይዘጋ ሐኪሙን በ27 ዓመት በልጦ እስከ 1880 ኖረ። ሲሞትም ታላቁ ሐኪም ዊልያም ኦስለር ጨጓራው ለሳይንስ እንዲቀመጥ ፈልጎ ነበር። ቤተሰቡ ግን አሻፈረኝ አለ፤ አስከሬኑ እንዲፈርስ ቀናት አቆይተው ከተለመደው በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ቀበሩት። እኔ ቤተሰቡን አልወቅስም። ዛሬ በሽተኛ ለምርምር ሲጠየቅ ምን እንደሚደረግበት ይነገረዋል፤ ፈቃዱን በፊርማው ይሰጣል፤ በፈለገ ጊዜም መተው ይችላል። ይህ ሥርዓት የቆመው እንደ ሴንት ማርቲን ባሉ ሰዎች ድካም ላይ ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። በ1837 ክርስቲያን ኤገበርግ የተባለ ኖርዌያዊ የጦር ሐኪም ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የምግብ ቧንቧው ጠቦ መዋጥ ያቃተው ሰው በረሃብ ከሚሞት ጨጓራው በሆዱ በኩል ተከፍቶ ለምን አይመገብም? አለ። እሱ ራሱ አልሞከረውም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሞስኮ ባሶቭ፣ በፈረንሳይ ብሎንድሎ በውሾች ሆድ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከፈቱ፤ ውሾቹም ኖሩ። በ1849 ሻርል ሴዲዮ በስትራስቡርግ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራው። በሽተኛው ወዲያው ሞተ። ሴዲዮ በ1853 ደግሞ ሞከረ፤ ሁለተኛውም ሞተ። ከእሱ በኋላ የሞከሩትም በሽተኞቻቸውን እያጡ ዓመታት አለፉ።

ለምን ሞቱ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰዎቹ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚመጡት በረሃብ መንምነው ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ነው። የሐኪሙ እጅና መሣሪያ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። ስፌቱ ሲላላ ጨጓራው ከሆድ ግድግዳ ይላቀቅና ፈሳሹ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። በ1846 በቦስተን ኤተር ለሰመመን መዋሉ ሕመሙን አስቀረ፤ በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት ማስተማሩ ምርቀዛውን ቀነሰ። በ1875 በለንደን ሲድኒ ጆንስ የሠራለት ሰው 40 ቀን ኖረ። በ1876 በፓሪስ አሪስቲድ ቬርነይ የሚያቃጥል ኬሚካል ውጦ ጉሮሮው ለተዘጋ አንድ ወጣት ሠራለት፤ ጨጓራውንም ከሆዱ ግድግዳ ጋር በብር ሽቦ አያያዘው። መጣበቁ ያዘ። ወጣቱ በዚያ በኩል እየተመገበ ኖረ፤ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሻርል ሪሼም የጨጓራን ፈሳሽ ያጠናው በዚህ ወጣት ላይ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ጨጓራን ከመብሳት አልፈው ቆርጠው ማውጣት ፈለጉ። የጨጓራው መውጫ በካንሰር ለተደፈነበት ሰው ሌላ ተስፋ አልነበረምና። በ1879 ፔያን በፓሪስ፣ በ1880 ሪዲጊየር በፖላንድ ምድር ሞከሩ፤ ሁለቱም በሽተኞች ሞቱ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 በቪየና ቴዎዶር ቢልሮት የስምንት ልጆች እናት የሆነችን የ43 ዓመት ሴት በሰመመን አስተኝቶ የታመመውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ አወጣ፤ የቀረውን ከአንጀቷ ጋር በሐር ክር ሰፋው። ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች፤ በላች፤ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ካንሰሩ ግን ተዛምቶ ነበርና ከአራት ወር ገደማ በኋላ አረፈች። አራት ወር ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና መንገዱን ያገኘው በእሷ ሆድ ላይ ነው።

የመመገቢያ ቀዳዳው ጥበብም እየጠራ ሄደ። በ1891 ቪትሰል የተባለ ጀርመናዊ ቱቦውን በጨጓራው ግድግዳ እጥፋት ውስጥ አጋድሞ መስፋትን አሳየ። በ1894 በኦሃዮ ማርቲን ስታም በቱቦው ዙሪያ ክብ ስፌት ሰፍቶ፣ የከረጢት አፍ በማሰሪያው ሲሳብ እንደሚጨማደድ፣ ክሩን ሳብ አድርጎ ቀዳዳውን አጠበቀ። ዛሬም ሆድ ተከፍቶ ቱቦ ሲገባ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች የስታምን ስፌት ይሰፋሉ።

አሁን ቶም ስለሚባል ሰው ልንገራችሁ። በ1895 ልጅ ሳለ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቱ፣ የሚፋጅ ሾርባ ጎርሶ ዋጠ። የምግብ ቧንቧው ተቃጥሎ ተጣበቀ። ሐኪሞች ሆዱ ላይ ቀዳዳ አበጁለት። ከዚያ ወዲህ ምግቡን በአፉ ያኝካል፣ ጣዕሙን ያጣጥማል፣ ከዚያም በቀዳዳው በኩል ወደ ጨጓራው ይጨምረዋል። ያፍር ስለነበር ሰው ባለበት አይበላም። ኒውዮርክ ውስጥ በጉልበት ሥራ ቤተሰቡን አስተዳደረ፤ ሚስጥሩን በሆዱ ይዞ ለአሥርት ዓመታት ኖረ። በ1941 ስቱዋርት ዎልፍና ሃሮልድ ዎልፍ የተባሉ ሐኪሞች በሆስፒታላቸው ቤተ ሙከራ ሥራ ሰጥተው ሊያጠኑት ፈቃዱን ጠየቁ። ቶም ሲናደድ የጨጓራው ውስጥ ግድግዳ እንደሚቀላና አሲዱ እንደሚበዛ፣ ሲፈራና ሲተክዝ ደግሞ እንደሚገረጣ በዓይናቸው አዩ። ግኝታቸውን በ1943 በመጽሐፍ አወጡት። አበሻ ንዴትንም ሐዘንንም በሆዱ እንደሚይዝ ሲናገር ኖሯል፤ የቶም ጨጓራ ይህን በግልጽ አሳየ።

እስከዚህ ድረስ ቀዳዳው የሚከፈተው በቢላ ነበር። ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ እንሂድ። ዓመቱ 1979 ነው። ማይክል ጋውደረር የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነው። እሱ ዘንድ የሚመጡት ብዙዎቹ አንጎላቸው ተጎድቶ መዋጥ ያልቻሉ ሕፃናት ናቸው፤ ለእነዚህ ጠቅላላ ሰመመንም ሆነ ሆድ መክፈት ራሱ አደጋ ነው። ጄፍሪ ፖንስኪ ደግሞ በኢንዶስኮፕ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ነው። ኢንዶስኮፕ በአፍ ገብቶ ጨጓራን የሚያሳይ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ተጣጣፊ መሣሪያ ነው። የሕፃን ሆድ ስስ ስለሆነ፣ ክፍሉ ሲጨልም፣ የመሣሪያው ብርሃን ከጨጓራ ውስጥ በቆዳው ላይ ደምቆ ይታያል።

ሁለቱ ሐኪሞች ያን ብርሃን መሪ አደረጉት። ጨጓራው በአየር ሲነፋ ከሆድ ግድግዳ ጋር ይጠጋጋል፤ ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ከታየ በመካከል አንጀትም ጉበትም የለም ማለት ነው። በዚያ ነጥብ ላይ መርፌ ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ክር ይገባል፤ ኢንዶስኮፑ ክሩን ይዞ በአፍ ያወጣዋል። ከክሩ ጫፍ ላይ ቱቦው ይታሰራል። ከሆድ በኩል ክሩ ሲሳብ ቱቦው በአፍ ገብቶ፣ በጉሮሮ ወርዶ፣ በሆድ ቆዳ ብቅ ይላል፤ ውስጥ የቀረው ሰፊ ጫፉ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ማኪናክ ላይ በጥይት የሆነው መጣበቅ በመርፌና በክር ተገኘ። ጁን 12 ቀን 1979 በክሊቭላንድ ሬይንቦው የሕፃናት ሆስፒታል አራት ወር ተኩል የሆነው ሕፃን የመጀመሪያው ባለ ተራ ሆነ። ዘዴውን በ1980 በሕክምና መጽሔት አሳወቁ፤ በዓለምም ተሰራጨ። ሐኪሞች ዛሬ ፔግ ይሉታል።

እንግዲህ ይቻላል ወይ? የሚለው ጥያቄ ተመለሰ። ነገር ግን የሚቻል ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ማንን ይጠቅማል? የሚለው ጥያቄ ገና መነሳቱ ነው። ሥራው ቀላል ሲሆን ቱቦው ለሁሉም ይደረግ ጀመር። ስትሮክ መትቶት መዋጥ ላቃተው፣ በእርጅና ብዛት መብላት ላቆመ፣ አእምሮው ለደከመ፣ ለሁሉም።

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ ዓይነት ምርምር ነው። በሽተኞችን በፈቃዳቸው፣ ካልቻሉም በቤተሰባቸው ፈቃድ፣ በዕጣ ሁለት ቦታ ይከፍላሉ፤ አንዱን ቡድን በአንድ መንገድ ሌላውን በሌላ ያክሙና ውጤቱን ይቆጥራሉ። በ1996 በእንግሊዝ አገር ስትሮክ የመታቸውና መዋጥ ያልቻሉ 30 ሰዎች እንዲህ ተጠኑ። በሆድ ቱቦ ከተመገቡት 16 ሰዎች በስድስት ሳምንት ውስጥ 2 ሞቱ፤ በአፍንጫ ቱቦ ከተመገቡት 14 ሰዎች ግን 8 ሞቱ። ይህን የሰማ ሐኪም ሁሉ ወደ ሆድ ቱቦ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ግን 30 ሰው ትንሽ ነው። ፉድ የተባለው ከኤድንብራ የተመራ ሰፊ ጥናት በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ተካሄደ፤ ውጤቱ በ2005 ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጣ። በዚህኛው በአፍንጫና በሆድ ቱቦ መካከል በዕጣ የተመደቡት 321 ነበሩ። በሞት ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሞትንና ከባድ የአካል ጉዳትን አንድ ላይ ሲቆጥሩት ደግሞ እንዲህ ያለው መጨረሻ ቶሎ የሆድ ቱቦ በገባላቸው ላይ ከመቶ ሰው በ7.8 ያህል በልጦ ተገኘ። ያው ጥናት በሌላ ክፍሉ 859 በሽተኞችን መረመረ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቱቦ መመገብ ከመሞት ሳያተርፍ እንዳልቀረ፣ ከተረፉት ግን ብዙዎቹ በከባድ ጉዳት እንደሚኖሩ አመለከተ። ስለዚህ ከስትሮክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአፍንጫው ቱቦ ይቀድማል፤ የመዋጥ ችግሩ ከቆየ የሆዱ ይታሰባል። ሁሉም የ30ዎቹን ውጤት አምኖ አቁሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

በተቃራኒው ደግሞ መዘግየት የሚጎዳቸው አሉ። ጡንቻን እያመነመነ የሚሄደው የሞተር ነርቭ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ2015 የታተመ ፕሮጋስ የተባለ የብሪታንያ ጥናት 345 እንዲህ ያሉ በሽተኞችን ተከታትሎ፣ ክብደታቸው ብዙ ከመቀነሱ በፊት፣ ከመቶ አምስት ያህል ሲቀንስ፣ ቱቦው ቢገባ ሳይሻል እንደማይቀር ጠቆመ። በአገራችንም በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የታወቀ መከራ ነው። ብዙው ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው እንጀራው ቀርቶ ውኃው እንኳ አልወርድ ሲለው ነው። ቱቦው ካንሰሩን አያድንም፤ ግን ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር የሚያበቃ አቅም ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው ምግብ ጉሮሮ ላይ ሲያዝ፣ ጠንካራው አልወርድ ብሎ ለስላሳው ብቻ ሲወርድ፣ ሳይውል ሳያድር መታየት የሚያስፈልገው።

ቱቦ የገባለት ሰው ቤት ካለም እነዚህን ያዙ። ሲመገብና ከተመገበ በኋላም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ራሱና ደረቱ ቀና ይበል። ቱቦው ከምግብ በፊትና በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ዙሪያው ቀልቶ ቢያብጥ፣ መግል ቢያወጣ፣ ሆዱ ቢያመው፣ ትኩሳት ቢነሳ ወደ ሐኪም ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቱቦው ቢወጣ በቤት መልሶ መክተት ክልክል ነው፤ መጣበቁ ገና ስላልጠና ምግቡ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ከጠና በኋላ ቢወጣም ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራልና ሳይዘገዩ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልመልሳችሁ። የመርሳት በሽታቸው የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ እናት ወይም አባት መብላት ሲያቆሙ ልጅ ምን ያድርግ? እኛ ዘንድ ማብላት ፍቅር ነው፤ አለማብላት መጣል ይመስለናል። በ1999 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያሳተመው አንድ ሰፊ ምርመራ እስከዚያ የተጻፈውን ሁሉ አገላብጦ፣ ለእንዲህ ያሉ በሽተኞች ቱቦው ዕድሜ እንደሚያረዝም፣ ምግብ ወደ ሳንባ መግባቱን እንደሚከላከል፣ ወይም ከመተኛት የሚመጣውን ቁስል እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ምርመራዎችም ይህን አልሻሩትም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ባወጣው አቋም ለእነዚህ ሰዎች ቱቦን አልመከረም፤ የመከረው በእጅ በጥንቃቄ ማብላትን ነው።

በእጅ ማብላት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጉርሻ ነው። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ ማጉረስ፣ የሚወዱትን መስጠት፣ እስኪውጡ መታገስ፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ ማቆም፣ ከንፈራቸውን ማርጠብ። የሚበሉት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጎርሳቸው ሰው ግን ከአጠገባቸው አለ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከቤታችሁ አንዱ መዋጥ ሲያቅተው ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ። ችግሩ ይመለሳል ወይስ ይብሳል? ቱቦው ምን ያመጣል? ምንስ አያመጣም? በአፍንጫ ይሻላል ወይስ በሆድ? በሽተኛው ራሱ መናገር ሲችልስ ምን ፈልጎ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የቻልነው ሴንት ማርቲን፣ የቪየናዋ እናት፣ ቶም፣ የክሊቭላንዱ ሕፃንና በዕጣ የተመደቡት ሰዎች ሆዳቸውን ስለሰጡን ነው። ቱቦ ለሚጠቅመው ሳይዘገይ ይግባለት፤ ለማይጠቅመው ደግሞ በትዕግሥት የሚያጎርሰው ሰው አይታጣ።